የታችኛው ሰፈር ገበታ

ኦክቶበር 3 ቀን 2005
ምሥራቅ ስሎቫኪያ፣ ከላይኛው ሰፈር

ለወንድምዓለም ኮሎማን፣

ያለህበት ቤት ይሙቅልህ፤ ሚስትህን ኤቴላንና ልጆችህን እመቤታችን በጥላዋ ታኑርልህ። እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ያለው ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ እኔ አንድ ቃል ስናገር ወረፋ የያዘው ሁሉ ሁለት ይጨምርበታል።

ልጄ ሬኔ ታስሯል።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ከተማ ወርዶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ጎረምሶች ከበቡት። ነገሩ እንደ ሁልጊዜው ነው። «አንተ ጥቁር ዘላን፣ ወደ ህንድህ ሂድ» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ምራቅ፣ ከዚያ እርግጫ። አንደኛው ጠርሙስ ሲያነሳበት ሬኔ ነጥቆ መለሰለት። የልጁ አንድ ዓይን ጠፋ። የማን ልጅ መሰለህ? የሥጋ ቤቱ ጌታ ልጅ። ፖሊሶቹ ደግሞ ሬኔ ስልክ ሊሰርቅ ሲታገል ነው የመታው ብለው ጻፉ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክርስትና ያነሳኸው አንተ ነህ፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ አልጋ ሥር የሚደበቅ ልጅ እንደነበር ታውቃለህ።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ አለች። ገና ልጅ ናት፤ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ታናግረኛለች። «የእናትና የአጎት ቃል ዋጋ የለውም። ዘመድ ያልሆነ፣ በዓይኑ ያየ ሰው አምጪልኝ። አለዚያ ልጅሽ ወጣትነቱን እዚያ ይጨርሳል» አለችኝ።

ያየ ሰው አለ። ቪንጾ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ የታችኛው ሰፈሩ፣ ርኩስ ከምንላቸው ከደጌሾቹ፣ ጋሪ እየገፋ ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅመው። ከማቆሚያው ጀርባ ካለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቷል። ሰው ልኬበት እስከ አጥራችን መጣ። ከአጥሩ አላለፈም፤ ልማዱን ያውቃል።

«አያለሁ ብዬ አይደለም ያየሁት፤ ግን አይቻለሁ» አለ። «ፍርድ ቤትም እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ቤቴ መጥተሽ ምሳ ብዪ።»

ገንዘብ ልስጥህ አልኩት። «ገንዘብ መቼ ጠየቅኩሽ? ምሳ ብዪ ነው ያልኩሽ» ብሎ ጋሪውን ገፍቶ ሄደ።

ወንድሜ፣ ምን ላድርግ? ከእኛ ወገን ማን ከደጌሽ ድስት በልቶ ያውቃል? አያቶቻቸው የፈረስ ሥጋ ቀምሰዋል ተብሎ እስከ ዛሬ ከእጃቸው ውሃ የሚቀበል የለም። አንዴ ከበላሁ እኔም እነሱን ሆንኩ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ብትሆንም የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ። ቶሎ ጻፍልኝ፤ ብትችል ደግሞ ና።

እህትህ አራንካ


ኦክቶበር 20 ቀን 2005
ሼፊልድ፣ እንግሊዝ

ለእህትዓለም አራንካ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ኤቴላ ጮኻ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ልጃችንን ከነጮቹ ዳኛ እጅ ያውጣልን። እዚህ ሁላችን ጤና ነን፤ ትልቋ ልጄ አርግዛለች፤ በፌብሩዋሪ አያት እሆናለሁ። ደስታውን ግን የልጁ ነገር አላስቀመሰኝም።

እኔ አሁንም እዚያው ዶሮ ፋብሪካ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ክንፍ እቆርጣለሁ፤ ሌሊት በሕልሜም እቆርጣለሁ። እዚህ የሌለ ዘር የለም አራንካ። ባለፈው አንዱ ሽማግሌ እንግሊዛዊ አውቶቡስ ውስጥ «ወደ ፓኪስታንህ ተመለስ» ብሎ ጮኸብኝ። እኔን! የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አባቱ በሦስት አውራጃ ሠርግ ቫዮሊን የመታ! ስድቡ መቼ ጠፋኝ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተሰድቤያለሁ። ያንገበገበኝ ከእነዚያ ጋር መቆጠሬ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ዲየዶኔ የሚባል የኮንጎ ሰው አለ፤ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ሳቂታ ነው። ምሳ ሰዓት ዕቃውን ከፍቶ «ና ብላ» ይለኛል። ምንም ክፉ አላደረገኝም። ግን የማላውቀውን ሰው እጅ እንዴት እበላለሁ? ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ሆዴን ሲያመኝ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በምንም ዓይነት ከደጌሽ ዕቃ አትብዪ። አባቶቻችን በጦርነቱ ዘመን ሣር ቀቅለው በልተዋል፤ ከታችኛው ሰፈር ግን ቁራሽ አልተቀበሉም። እኛ ስሎቫኮቹ ፊት ምንም የለንም፤ መሬት የለን፣ ሥልጣን የለን። ያለን ንጽሕናችን ነው።

ግን ልጁም መውጣት አለበት። ስለዚህ ብልሃቱን ልንገርሽ። ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ ሳቂላቸው። የራስሽን ማንኪያ በመሐረብ ጠቅልለሽ ያዢ። ሾርባውን ከዳር ከዳር ነካ ነካ አድርጊና «ጠገብኩ» በዪ። በራስሽ ማንኪያ ከሆነ እንደ መብላት አይቆጠርም፤ ሽማግሌ ጠይቄ ነው የምነግርሽ። እሱ መብላትሽን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ማንኪያ ማን ያያል?

ትንሽ ገንዘብ በኤቴላ ወንድም በኩል ልኬያለሁ። መምጣቱን አየዋለሁ።

ወንድምሽ ኮሎማን


ኖቬምበር 9 ቀን 2005
ከላይኛው ሰፈር

ለወንድምዓለም ኮሎማን፣

ሰላምህ ይብዛ፤ የልጅህን ማሕፀን እግዚአብሔር ይባርክ። ያልከኝን አደረግሁ። ምነው እጄ በተሰበረ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወረድኩ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ተፍቆ ተፍቆ ነጥቷል። ሚስቱ ዮላና አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች፤ ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ። የጎመን ሾርባ አቀረበች። ቪንጾ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ እንደ ሙሽራ አባት ተቀምጧል። ሳይጸልይ አልጀመረም።

እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ማንኪያዬን አወጣሁ።

ዮላና ወደ ምድጃው ዞረች። ቪንጾ ሳህኔ አጠገብ ያለውን ማንኪያ አየ፣ የእኔን አየ።

«ማንኪያ አለን» አለ።

«አውቃለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኩ።

«በፈላ ውሃ ነው ያጠበችው። ሁለቴ። ጠዋት አይቻታለሁ።» ከዚያ ሳህኔን ወደ ራሱ ሳበና ሾርባዬን መብላት ጀመረ። ሲጨርስ አፉን ጠረገ። «በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ የኔ እመቤት። እኔ ምንም አላየሁም። ጨለማ ነበር።»

ቀን በእኩለ ቀን ጨለማ ነበር! እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ አነሳኝና በሩን ከፈተልኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጠበቃዋ ቀጠሮው ለፌብሩዋሪ ነው ብላኛለች። ኮሎማን፣ አንተ መምጣት አለብህ። ወንድ ለወንድ ብታናግረው ይሰማህ ይሆናል። እኔ የማንን ጉልበት እንደምስም ጠፍቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። ትምህርት ቤት ሳለን ውሃ የምንጠጣበትን ኩባያ ታስታውሳለህ? የነጮቹ ልጆች መደርደሪያ ላይ፣ የእኛ ደግሞ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ። አንድ ቀን አንተ ከእነሱ ኩባያ ጠጣህና መምህሯ ኩባያውን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ቆሻሻ ውስጥ ስትጥለው ቤት መጥተህ ትኩሳት ያዘህ። እናትህ አቅፋህ ስታለቅስ ነበር። ያን ዕለት ማታ የቪንጾ አባት ቢላ ሊስል መጣና ውሃ ጠየቀ። እናትህ በምን ሰጠችው? አጥሩ ላይ በተሰቀለው ጣሳ ነዋ፤ ለእሱ ብቻ በተሰቀለው። ዓይኗ ገና ከእንባው አልደረቀም ነበር። እኔ ነኝ ጣሳውን ያቀበልኩት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን ሁለቱን ዕቃ ከፊቴ ማራቅ አቃተኝ።

እህትህ አራንካ


ዲሴምበር 21 ቀን 2005
ሼፊልድ

ለእህትዓለም አራንካ፣

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶ ነው፤ ለበዓሉ እንግሊዞቹ ዶሮ እንጂ ሌላ አይበሉም መሰለኝ። የልደቱ ጌታ የተዘጋውን በር ይክፈትልሽ። ኤቴላ ለሬኔ ሹራብ ሠርታለች፤ እስር ቤት ያስገቡለት እንደሆነ ጠይቂ።

መምጣቱን በተመለከተ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ። ደግሞስ ብመጣ ምን አደርጋለሁ? ደጌሽ ደጅ ቆሜ ልለምን? አባቴ ከመቃብር ይነሳብኛል።

ስለ ኩባያው ያልሽው ግን አስቀየመኝ። እናቴን ከዚያች መምህር ጋር እንዴት ታስተካክያለሽ? ነጮቹ የሚጠሉን በቆዳችን ነው፤ እኛ ያልጠየቅነውን ነገር ነው የሚጠሉብን። እኛ ግን ማንንም አንጠላም። ንጹሕ ነገር እንበላለን፤ ሌላ ምንም የለም። ለቪንጾ አባት ውሃ መቼ ተከለከለ? ጠጥቶ፣ መርቆን ነበር የሚሄደው። ሐዘን ሰውን ብዙ ያሳስባል፤ አርፈሽ ጸልዪ።

ሌላ ምስክር ፈልጊ።

ኮሎማን


ጃንዋሪ 16 ቀን 2006
ከላይኛው ሰፈር

ለወንድሜ ኮሎማን፣

አዲሱ ዓመት ለቤትህ የሰላም ይሁን። ሹራቡ ደረሰ፤ አላስገቡለትም፤ እኔ ለብሼዋለሁ።

ሌላ ምስክር ፈልጊ አልከኝ። ከየት ወንዝ ልቅዳው? አውቶቡስ ማቆሚያው ሞልቶ ነበር፤ አንዱም ስሎቫክ አላየም። የጋዜጣ መሸጫዋ ሴትዮ እንኳ፣ ሬኔ በስሟ የሚጠራት፣ «ልጄ እኔ እዚሁ መኖር አለብኝ» አለችኝ።

ስለዚህ አንተንም ሽማግሌዎችህንም ሳልጠይቅ ወረድኩ። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ዮላና ከፈተችልኝ። «ምን ረሳሽ?» አለችኝ።

«ምሳ» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳትፈልግ ነው የሳቀችው። ቪንጾ አልጋ ላይ ሆኖ ያስል ነበር። «እርስዎ ምስክር ይሁኑልኝ ብዬ አልመጣሁም፤ ርቦኝ ነው የመጣሁት» አልኩት። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እርስዎ ስለው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ውሸቴን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ያ ውሸት ለሦስታችንም ተመቸን።

በላሁ ኮሎማን። በእነሱ ማንኪያ፣ ከእነሱ ሳህን፣ እስከ መጨረሻው። ዳቦውንም በሾርባው ጠርጌ በላሁ። እውነቱን ልንገርህ? ከእኔ ሾርባ ይጥማል።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ስመለስ ድልድዩ ጋ ስደርስ ሆዴ ተገለበጠና ያን የመሰለ ምግብ በረዶው ላይ አወጣሁት። ምኑም አልተበላሸም ነበር። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። በአርባ አራት ዓመት የተሞላብኝን ነገር አንድ ሳህን ሾርባ አያወጣውም። ነጮቹም እኛን ሲነኩ እንዲህ ይሆኑ ይሆን እያልኩ በረዶ ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ። አሁን ሲጠሉኝ አላዝንላቸውም፤ ግን እንዴት እንደሚጠሉ አውቄዋለሁ፤ ከሆድ ነው።

በማግስቱ ቪንጾ እያሳለ መጣና አጥሩ ላይ ቆመ። ይግቡ ብለው እምቢ አለ። «ፍርድ ቤቱ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ደስ ይበልህ። እኔ ፈርቻለሁ፤ ከድልድዩ ማዶ ሆና አንዲት የሰፈራችን ሴት አይታኛለች።

አራንካ


ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2006
ከላይኛው ሰፈር

ኮሎማን፣

ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠኸኝም። ሰላምታውን እለፈው።

ሦስት ዓመት ፈረዱበት።

ቪንጾ መጥቷል። የሟች ወንድሙን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን ቀለም ቀብቶ፣ ከማንኛችንም ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ጠርሙሱ የማን እንደነበር፣ መጀመሪያ ማን እንደመታ፣ ሬኔ ስንቴ «ተዉኝ» እንዳለ። የሥጋ ቤቱ ሰው ጠበቃ ሊያምታታው ሞክሮ አልቻለም። ጠበቃችን ጠረጴዛው ሥር እጄን ጨመቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ቤት ውስጥ በሐሳቤ አየሁት፤ አልጋውን ሳነጥፍለት አየሁ።

ዳኛው ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። ምስክሩ የተከሳሹ ሰፈር ሰው ነው አለ። የተከሳሹ ዘር ነው አለ። እነዚህ ሰዎች ሁሉም እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፣ አንዱ ለአንዱ ከመመስከር አይመለሱም፤ ስለዚህ ቃሉን እንደ ገለልተኛ ሰው ቃል መቀበል አይቻልም አለ።

ቪንጾ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ሳሉ እስኪነሳበት ድረስ። ዳኛው ምን ያስቅሃል ሲለው ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔና እሷ ዘመድ ነን አሉ? እባክዎ ሰፈራችን መጥተው ይህንኑ ይንገሩልኝ! አባቴ ሲለምነው የሞተውን ነገር እርስዎ በአንድ ቃል ሰጡን!»

ዳኛው አልገባውም። እንዴት ይገባዋል? ችሎት ደፍረሃል ብሎ ቀጣው፣ ፖሊስ አስወጣው። ሬኔን ሲወስዱት ዞሮ እኔን አላየም፤ ቪንጾ የወጣበትን በር ነበር የሚያየው።

እኛ ላይና ታች እየተባባልን ስንገፋፋ ኖረናል። ዳኛው ግን ከላይ ሆኖ ሲያየን አንድ ሰው ነን፤ አንድ ጥቁር ነገር። ያንተ ሽማግሌ እንግሊዛዊም እንደዚያው ነው ያየህ።

ጠበቃዋ ይግባኝ እንላለን ትላለች። ዓይኔን እያየች አይደለም የምትለው።

አራንካ


ማርች 21 ቀን 2006
ሼፊልድ

ለእህትዓለም አራንካ፣

የሬኔን ነገር ሰምቼ ሦስት ቀን ሥራ አልገባሁም። እግዚአብሔር ለእናት አንጀት የሚሆን መጽናኛ ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም፤ ካለው ይስጥሽ። የዘገየሁት አንቺን ረስቼ አይደለም። እኔም ቤት እሳት ገብቷል።

ልጄ ወንድ ወለደች። ባለፈው ቅዳሜ ክርስትና ነበር። ኤቴላ ሁለት ቀን አብስላ የተሞላ አንጀት፣ ዶሮ፣ የድንች ሊጥ ሃሉሽኪ፣ ምን የቀረ አለ? ከሰፈራችን እዚህ ያሉት ቤተሰቦች ሁሉ መጡ። ሕፃኑን ሳሙ፣ ተቀመጡ። ማንም ሹካ አላነሳም። ሁሉም ጠግቧል፣ ሁሉም ሆዱን አሞታል። ያን የሆድ ሕመም አውቀዋለሁ አራንካ፤ የራሴ ነው። በመጨረሻ አንዷ አሮጊት ፊት ለፊት ተናገረችው፤ «እህትህ ከደጌሽ ድስት እንደበላች ሰምተናል፤ አንተም የሷ ወገን ነህ» አለች። ልጄ ሕፃኑን ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

ሰኞ ምግቡን በድስቱ ፋብሪካ ወሰድኩት፤ ልጥለው አንጀቴ አልቻለም። ዲየዶኔ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ድስቱ ቂጥ በላው። ጣቱን ላሰና «ዓመት ሙሉ ይህን ደብቀህ ነው እንዴ ከእኛ ጋር የማትበላው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ታዲያ ገባህ ወይ ትይኝ ይሆናል። የገባኝን እንጃ። የማውቀው ልጄ እዚህ መኖር እንዳለባት ነው፤ እንግሊዞቹ አይፈልጓትም፣ የራሷ ሰው ካልፈለጋት የት ትሄዳለች? የምሥራች የሚላት፣ እጇን የሚይዛት ማን ይኖራታል?

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አልበላሁም ብለሽ በእጅሽ ጻፊልኝ። በማርያም ማዪ። ለፋሲካ ሁሉም ሲሰበሰቡ አነብላቸዋለሁ። የጠላት ወሬ ነው ብዬ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ ለሬኔም እንዲሁ ጽፌለታለሁ። አንቺ ላይ የሚጎድል ምንም የለም፤ አንድ ወረቀት ነው።

እግርሽን እስማለሁ።

ወንድምሽ ኮሎማን


ኤፕሪል 4 ቀን 2006
ከታችኛው ሰፈር

ለኮሎማን፣

ይህ ገጽ ላንተ ብቻ ነው፤ አንብበህ አቃጥለው። ሁለተኛውን ገጽ ለሰዎቹ አንብብ።

የልጅ ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሊፈረድብህ አይገባም፤ ግን ፈረድኩብህ። እኔ እዚህ ማንም ጨው አያበድረኝም። የገዛ ወንድሜ ሚስት ያዋስኳትን ድስት አጥር ላይ ሰቅላ ሄደች። እችለዋለሁ። እሁድ እሁድ እነቪንጾ ጋ እበላለሁ፤ አሁን ሆዴ ይቀበለዋል። አልጽፍም፣ በሕይወቴ አንድ ቀጥ ያለ ነገር ይኑረኝ አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ሬኔን ልጠይቅ ሄድኩ። ከስቷል። አንገቱ የልጅ አንገት ሆኗል። ፖሊሱ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር በቋንቋችን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

«እማ፣ አጎቴ ኮሎማን ውሸት ነው ብሎ ጽፎልኛል። ውሸት ነው አይደል?»

የሹራቤን እጅጌ ወደ ታች ሳብኩ።

«ነጮቹ የራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው» አለኝ። «እኛም የራሳችን አለን። እኔን ግን አስነሥተውኛል። ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩ ጋ ነው የምበላው። ውሃ ከቧንቧው በእጄ ነው የምጠጣው፤ ኩባያ ከነካሁ ይጥሉታል። ማታ ደግሞ...» ተወው። የቀረውን አልጨረሰልኝም፤ እጁን አየሁት፣ ሁለት ጣቱ ታስሯል።

«የኛዎቹ ናቸው እማ። ነጮቹ ቢሆኑ እችለው ነበር።»

ከዚያ ምን እንደጠየቀኝ ልንገርህ? በማርያም ማዪና ጻፊልኝ፣ አነብላቸዋለሁ አለኝ። ካንተው ቃል አንድም አልተለየም። ሦስት ዓመት ነው ኮሎማን። ልጄ ሦስት ዓመት በር ሥር ብቻውን ሊበላ ነው።

ዛሬ ወረቀቱን ይዤ እዚህ ወረድኩ። ሳልነግራቸው ልጽፈው እችል ነበር፤ ግን ያንን ደግሞ አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ቪንጾ ደረቱን ይዞ ብዙ ሳለ። «ጻፊለት» አለ። «ልጁ ይቀመጥ። እኔ ሕዝብ ፊት ቆሜ መናገሬን ተናግሬያለሁ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም።»

ዮላና ግን የገበታውን ጨርቅ በእጇ ስታለሰልስ ቆየች። «ስማችንንም ትጽፊዋለሽ?» አለችኝ።

«ካልጻፍኩት አያምኑም» አልኳት።

«እንግዲያው አሳምረሽ ጻፊው። ማንም ስማችንን በወረቀት ጽፎት አያውቅም፤ ፖሊስ ብቻ» አለችና የሁለቱንም የአባት ስም ነገረችኝ። ሳላውቀው ነው የኖርኩት።

አሁን ከፊቴ ተቀምጣለች። ሾርባው ቀርቧል፤ ሦስታችንም አልጀመርንም፤ እኔ እስክጨርስ እየጠበቁኝ ነው። ሁለት ጽፌ አንዱን ለሬኔ እልካለሁ። ከእንግዲህ ምንም አትጠይቀኝ።

አራንካ


ለሚሰማው ሁሉ፣

እኔ አራንካ፣ የቫዮሊን መቺው የባርቶሎሜይ የወንድም ልጅ፣ የሬኔ እናት፣ በእመቤታችን በማርያም ስም እምላለሁ። በታችኛው ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ ቪንጾ ዱንካ፣ የአንድሬይ ልጅ፣ እና ወደ ሚስቱ ወደ ዮላና፣ የሽቴፋን ልጅ፣ ቤት ገብቼ አላውቅም። ከገበታቸው አልበላሁም። ውሃቸውንም አልቀመስኩም። እኔም ልጄም ንጹሖች ነን።